ውል

አፉላ ስታዲየም፣ ከደረጃው በታች፣
መስኮት የሌላት ክፍል ለእኔ ተሰጠች።
ሕዝቡ ላይ ሲቀመጥ ጣሪያዬ ይንቋቋል፣
የሱፍ ፍሬ ቅርፊት በስንጥቁ ይወርዳል።
ጎል አግብተን እንደሁ በአቧራው አውቃለሁ፤
ሲገባብን ደግሞ ዝምታ እሰማለሁ።

ኳስ አላውቅም እኔ፤ የማነበው ውል ነው።
ሰው ሜዳ ላይ ያጣውን እዚህ ነው የማየው።

ሚሎራድን ልንገራችሁ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣
ለኳስ አቀባይ ልጆች ከረሜላ የማያጣ ጃኬቱ።
ሦስት ዓመት ፈረምን፣ ሙሉ ዋስትና አለው፣
የቤቱን ኪራይ ችለን መኪናም ጨመርነው።
የከፈልነው ግና ላለፈው ዓመት ጎል፣
በሚመጣው ዓመት ገንዘብ፤ ይሄ ምን ይባላል?
በጥቅምት ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ጉልበቱም አብሮ ሄደ፤
ደሞዙ ግን ሳያነክስ በየወሩ ተራመደ።
ጋብሶ ሊቀመንበሩ "ሌባ" ይለዋል ሲከፋው።
ምን ሰረቀ ሰውዬው?
መውጫ የሌለው ቤት ሠርተን እኛው ነን ያስገባነው።

ናዲም በረኛችን፣ ከናዝሬት ማዶ መጥቶ
ሲፈርም አጉረመረመ፣ መነሻው አንሶበት ተቆጥቶ፤
ጋብሶም አጉረመረመ፣ "ጉርሻው በዛ" ብሎ።
ጥሩ ውል እንዲህ ነው፤ ከገበታው
የሚነሳ የለም ጠግቦ፣ የሚቀርም የለም ተበድሎ።

እዚህ ላይ ላቁም ነበር። ግን ከመሳቢያው አንድ አለ፣
ጋብሶ ለእንግዳ የሚያሳየው "ምርጡ ውላችን" እያለ።

ኦፊር፣ የአያ ጥጋቡ ልጅ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ያኔ።
አባቱ ዕብራይስጡን አያነብም፤ አስተርጓሚዋ እኔ።
አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት፣ ቀስ ብዬ አማርኛ አለበስኩት፤
አሥራ አንደኛው ጋ ስደርስ ጋብሶ ሰዓቱን አየ፤ እኔም ዘለልኩት።
"ቡድኑ ብቻውን ከፈለገ፣ በዚያው ደሞዝ ሁለት ዓመት ይጨምራል።"
ይኸው ነው የዘለልኩት። አንድ መስመር ተኩል።
በአማርኛ ፊደል ፈረመ አያ ጥጋቡ፣ እያንዳንዷን እያሳመረ፤
ብዕሩን ሲመልስ "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለኝ፤
ያ ቃል ነው መዝገቤ ላይ ሳይከፈል የቀረ።

ዘንድሮ አሥራ አራት ጎል አገባ፣ ደሞዙ ከማልያ አጣቢው አይበልጥ፤
በሒሳቡ ሲታይ ትርፍ ነው፣ የሚያስጎመጅ፣ የሚያስቋምጥ።
ግን ከመጋቢት ወዲህ ኳስ አይጠራም ልጁ፤
ባዶ ቦታ ቆሞ እንኳን ከወገቡ አይነሳም እጁ።
የመልበሻ ክፍል ቁጥር ያውቃል፤ ሚሎራድ ስንት፣ እሱ ስንት፤
ርካሽ የገዛኸው ሰው፣ ሳታውቀው፣ ይወደዳል በድንገት።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ክሯ ስትተበተብባት
"ውሉን ፈልጊ" ትለኝ ነበር፣ "ጉልበት ነው የሚበጥሳት።"
ትናንት ማታ ውል አለኝ።

ፋብሪካው በር ሄድኩ፤ አያ ጥጋቡ የሌሊት ጥበቃ ነው፤
አሥራ አንደኛውን አንቀጽ በባትሪው ብርሃን አነበብኩለት፣ ሳልዘለው።
ዝም ብሎ ሰማኝ። ለአንድ ከባድ መኪና በር ከፍቶ ዘጋና፣
"አውቄው ነበር" አለኝ፤ "ያኔም ድምፅሽ ቀጥኖ ነበርና።"
"ታዲያ ለምን ፈረምክ፣ አያ?"
ባትሪውን አጠፋው።
"የምታነበው የእኛ ልጅ ናት ብዬ፤ ሌላ ማን ነበር የማምነው?"

የማራዘሚያው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በአደራ ፖስታ ካልሄደ
ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ቀነ ገደቡ አበቃ፣ ልጁም ነጻ ወጥቶ ሄደ።
ጋብሶ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም።
አለመላክ ዕዳዬን ይከፍለው እንደሆን እሱንም አላውቅም።

ፖስታ ቤት ወረፋ ይዣለሁ፤ ቁጥሬ ስድሳ ሁለት።
ከፀጉሬ የሱፍ ቅርፊት ይረግፋል፤ የየትኛው ጎል እንደሆነ እንጃለት።
ስድሳ አንድን ጠሩ።